ሰፊ ጂንስ፣ የደሴ ጭቃና ሌሎች ጥያቄዎቻችሁ

ሰላም ናችሁ! በዚህ ወር የመጡት ጥያቄዎች ብዛታቸው ጉድ ነው። ክረምቱ ቤት አስቀምጦን ስልክ ላይ ተጥደን ስለዋልን ይመስለኛል። ሁሉንም ማስተናገድ ስላልቻልኩ የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌያለሁ፣ ረጃጅሞቹንም አሳጥሬያለሁ። ስማችሁን አላወጣም፣ አብሽሩ። አስቀድሜ አንድ ነገር ልናገር፤ እኔ ዲዛይነር አይደለሁም። ልብስ የምወድ፣ ጨርቅ ሳልነካ የማላልፍ የደሴ ልጅ ነኝ። እዚህ የምታነቡት የራሴ አስተያየት ነው። ካልተስማማችሁ ጻፉልኝ፣ እንከራከራለን።

«ቲክቶክ ላይ የማየው እኔ ላይ ሲሆን ለምን ያስጠላል?»

ሆጤ አካባቢ ነው የምኖረው፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። አሁን ሁሉም ሰው ሰፊ ጂንስ ነው የሚለብሰው፣ እኔም ገዛሁ። ቪዲዮ ላይ ያለችው ልጅ ፏ ብላ ነው የምትታየው። እኔ ግን አጭር ስለሆንኩ ሱሪው የዋጠኝ ይመስላል። ጫፉ ደግሞ ጭቃውን ሁሉ ጠርጎ ነው ቤት የሚገባው። ልተወው ወይስ ምን ላድርግ? ለመሆኑ አንቺ ስታይል የምትወስጂው ከማን ነው?

አትተዪው። ችግሩ ሱሪው አይደለም፣ ቁመቱ ነው።

ያየሻት ልጅ ምናልባት ካንቺ በብዙ ትረዝማለች፣ ከሱሪው ሥር ወፍራም ሶል ያለው ጫማ አድርጋለች፣ የምትራመደውም ደረቅ አስፋልት ላይ ነው። አንቺ የምትራመጂው በነሐሴ ዝናብ ከሆጤ ወደ ፒያሳ ነው። ስለዚህ ሱሪውን ይዘሽ ልብስ ሰፊ ጋ ሂጂ። ስትሄጂ ግን ብዙ ጊዜ የምታደርጊውን ጫማ አድርገሽ ሂጂ፤ ይሄን ሰው ሁሉ ይረሳዋል። በነጠላ ጫማ ተለክቶ የታጠፈ ሱሪ ስኒከር ስታደርጊ ቁርጭምጭሚትሽ ላይ ይንጠለጠላል። ጫፉ ከኋላ ከመሬት ሁለት ጣት ያህል ከፍ ይበል፣ ክረምቱ እስኪወጣ ሦስት ቢሆንም ማንም አይከስሽም። ትርፉን ግን አታስቆርጪው፣ ወደ ውስጥ ይታጠፍ። ጂንስ ሲታጠብ ሊያጥር ይችላል፣ ያኔ ፈተሽ ታስለቅቂዋለሽ።

ሌላው ወገብ ነው። ሰፊ ሱሪ ላይ ሰፊ ቲሸርት ደርበሽ ዝም ብለሽ ከለቀቅሽው ረጅሟንም ልጅ ይውጣታል። ከታች ከሰፋ ከላይ ጠበብ ይበል፣ ወይም ቢያንስ ቲሸርቱን ከፊት በኩል ሱሪው ውስጥ ከተት አድርጊው። ወገብሽ የት ጋ እንዳለ ሲታይ እግርሽ ረዘም ብሎ ይታያል። ወገቡ ከፍ ያለ ሱሪ ለአጭር ሰው ወዳጅ ነው። ያ ከእምብርት በታች የሚታሰረው ሱሪ ተመልሶ መጣ ይላሉ። ይምጣ፣ እኔ ግን የለሁበትም። በዚህ ብርድ ኩላሊቴን አላስመታም።

ስታይል ከማን ትወስጃለሽ ላልሽው፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ እኔም እንዳንቺው ስልክ ላይ አፍጥጬ ነው የማመሸው። ያስቀመጥኳቸው ፎቶዎች ብዛት ያሳፍራል። ግን የማስቀምጣቸው ልብሱን ልግዛ ብዬ አይደለም። ቀለም ከቀለም እንዴት እንደገጠመ፣ ኮሌታው እንዴት እንደተቆረጠ፣ እጅጌው የት ጋ እንዳለቀ ለማየት ነው። ልብሱ ራሱማ የተሠራው ለሌላ አገር አየርና ለሌላ ሰው ኪስ ነው። ቅዱን ግን መስረቅ ይቻላል፣ የሚከለክልሽ የለም።

ከስልክ ውጪ ደግሞ ሰኞ ገበያ አለልሽ። ከገጠር የሚመጡትን አባቶች ልብ ብለሽ አይተሻቸው ታውቂያለሽ? ከታች ሽርጥ፣ ከላይ በትከሻቸው ልክ የተቀመጠ ኮት፣ ኮቱ ላይ ጋቢ ጣል፣ እጃቸው ላይ ዱላ። አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ ሽርጣቸው አረንጓዴና ቡናማ መስመር ያለው፣ ኮታቸው ያረጀ ግራጫ። የኮቱ ክርን ተጥፏል፤ የተጣፈበት ጨርቅ ግን ከሽርጡ ቡናማ ጋር ቁጭ አንድ ነው። አስበውበት ይሁን ያገኙትን ጨርቅ አድርገው እንጃ፣ እኔ ግን ሽንኩርት መግዛቱን ትቼ ቆሜ አየኋቸው። ከታች ልቅ፣ ከላይ ቅርጽ ያለው። ስለ ሰፊ ጂንስ እስካሁን የለፈለፍኩልሽን እሳቸው ለብሰውት ነው የሚሄዱት።

ደግሞ አዲስ ነገር እንዳይመስልሽ። የቤተሰብ አልበም ካለ ክፈቺ። በ1960ዎቹ የተነሱ ፎቶዎች ውስጥ አፍሮ ፀጉርና ከጉልበት በታች የሚሰፋ ቤልቦተም አይጠፋም። ያኔ ቤልቦተሙን እንዴት አድርገው ከጠባብ ሸሚዝ ጋር እንደሚለብሱት እዪ። ከቲክቶኳ ልጅ የተሻለ ትማሪያለሽ።

«ጠዋት በብርድ እንቀጠቀጣለሁ፣ ቀን በሙቀት እቀልጣለሁ»

ደሴ እየኖርኩ ኮምቦልቻ ነው የምሠራው፣ ቢሮ። ጠዋት ካፖርት ለብሼ ከወጣሁ እዚያ ስደርስ ተሸክሜው እውላለሁ። ቀለል አድርጌ ከወጣሁ ደግሞ ሚኒባስ ውስጥ ደርቄ ነው የምደርሰው። ሁለቱን ከተማ የሚያስማማ አለባበስ አለ?

አለ። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለውን የሐረጎን ቁልቁለት በየቀኑ የሚወርድና የሚወጣ ሰው ሁሉ ጥያቄው ይሄ ነው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። 25 ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ ከ600 ሜትር በላይ ቁልቁል ትወርጃለሽ ማለት ነው። በየ1,000 ሜትሩ የአየሩ ሙቀት ስድስት ዲግሪ ያህል ስለሚለያይ፣ በዚያው ሰዓት እንኳ በሁለቱ ከተሞች መካከል የአራት ዲግሪ ገደማ ልዩነት አለ። የጠዋቱንና የቀኑን ልዩነት ጨምሪበት። ይሄን አንድ ወፍራም ልብስ አይፈታውም። ስስ ሆነው የሚደራረቡ ሦስት ልብሶች ግን ይፈቱታል። ሙቀት የሚይዝልሽ በልብሶቹ መካከል የሚቀረው አየር ነው እንጂ የካፖርቱ ክብደት አይደለም።

ከውስጥ የጥጥ ሸሚዝ ወይም ቲሸርት ይሁን። ፖሊስተር ላብ አይመጥም፣ ቁልቁለቱን ሳትጨርሺ ጀርባሽ ላይ ይለጠፋል። ከዚያ ከፊት በቁልፍ የሚከፈት ስስ ሹራብ። በአንገት የሚጠለቀውን ለቤት ተዪው፤ ሚኒባስ ውስጥ ለማውለቅ ስትታገዪ አጠገብሽ ያለውን ሰው በክርንሽ ትደቁሺዋለሽ፣ ፀጉርሽም ይበላሻል። ከሁሉ በላይ ነፋስ የማያስገባ፣ ተጣጥፎ ቦርሳ ውስጥ የሚገባ ጃኬት። አንገትሽ ላይ ሰፋ ያለ ሻርፕ ካደረግሽ ጠዋት ይሸፍንሻል፣ ኮምቦልቻ ስትደርሺ ትከሻሽ ላይ ጣል ታደርጊዋለሽ።

ስትመርጪ አንድ ነገር አስቢ። አንዱን ስታወልቂ የቀረው ለብቻው ከሱሪሽ ወይም ከጉርድሽ ጋር መግጠም አለበት። ብዙ ሰው ከላይ ያለውን ብቻ አሳምሮ ይወጣና ቀን ስድስት ሰዓት ላይ ጃኬቱን ማውለቅ ያፍራል። ካፖርትሽን ለቅዳሜና እሑድ አቆዪው። ደሴ ፒያሳ ላይ ጉም ሲወርድ ነው የሚያምርብሽ።

«ልጄ የተቀደደ ሱሪ ገዝታ መጣች»

ልጄ፣ የምትጽፊውን የምታነብልኝ ልጄ ናት። ይሄንንም እየሳቀች የምትጽፍልኝ እሷው ናት። ብር ከፍላ ጉልበቱ የተቦጫጨቀ ሱሪ ገዝታ መጣች። እኛ በልጅነታችን የተቀደደውን ጥፈን ነው የምንለብሰው፣ ሰው እንዳያይብን። ልስፋልሽ ብላት አለቀሰች። ይሄ ምኑ ነው ፋሽን?

እማማ፣ ጤና ይስጥልኝ። እውነት ለመናገር የተቀደደ ጂንስ እኔም አልወድም። ምክንያቴ ግን ከእርስዎ ትንሽ ይለያል። ሲገዛ የጣት ያህል የነበረ ቀዳዳ ጉልበት ላይ ስለሆነ ቁጭ ብድግ ሲባል፣ ሲታጠብም፣ እየተተረተረ ይሄዳል። ብዙ ብር ወጥቶበት ዕድሜው አጭር ነው።

ቢሆንም እሷ ሳትፈቅድ እንዳይሰፉት። ይልቅ ከውስጥ በኩል ሌላ ጨርቅ ያድርጉለትና ዙሪያውን በክር ያዝ ያዝ ያድርጉት። ቀዳዳው እንደ ፋሽኑ ይታያል፣ ጉልበቷ አይታይም፣ ብርዱም አይገባም። ጨርቁን እሷ ትምረጥ፣ መርፌውን እርስዎ ይያዙ። እንዲያውም ሆን ብሎ በደማቅ ክር የተጣፈ ጂንስ አሁን ውጭ አገር በውድ ይሸጣል። እርስዎ በልጅነትዎ የለበሱት ማለት ነው።

የልብስ ነገር ሲያጣላ ደግሞ ይሄ የመጀመሪያው አይደለም። በ1960 ዓ.ም. መጋቢት ላይ፣ አዲስ አበባ በያኔው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፋሽን ትርኢት ሊካሄድ ሲል ትልቅ ተቃውሞ ተነስቶ ነበር፤ ሚኒስከርትም ከተወገዙት ነገሮች አንዱ ነው። ተቃውመው የወጡት ደግሞ ሽማግሌዎች ሳይሆኑ ተማሪዎቹ ናቸው! እነሱ ዛሬ አያት ሆነው የልጅ ልጆቻቸውን ሱሪ እያዩ ምን እንደሚሉ ብሰማ ደስ ይለኝ ነበር።

አንቺ ደግሞ፣ ይሄን እያነበብሽላቸው ያለሽው፣ ለቅሶ ቤትና ዘመድ ጥየቃ በዚያ ሱሪ ላለመሄድ ቃል ግቢላቸው። አንዱንም ሳታስቀሪ አንብቢላቸው።

«ሂጃቤ ይንሸራተታል፣ ደግሞ ሁሌ ጥቁር ሰለቸኝ»

ከሸዋ በር ነኝ። ሺፎን ሂጃብ በጣም እወዳለሁ፣ ግን ቀኑን ሙሉ ሳስተካክል ነው የምውለው። አባያዬ ጥቁር ስለሆነ ሂጃቡንም ጥቁር አደርጋለሁ። ጨዋነቴን ሳልለቅ ዘነጥ ማለት እፈልጋለሁ።

ወይ ሺፎን! ሲያዩት ያምራል፣ ጭንቅላት ላይ ግን አልቀመጥም ይላል። ልስልስ ስለሆነ የሚይዘው ነገር ይፈልጋል። ከሥሩ የጥጥ ስስ ሻሽ ካሰርሽ ጥጡ ይይዘዋል፣ መርፌ ቁልፉንም ሻሹ ላይ ትወጊዋለሽ። ሺፎኑን ብቻውን ከወጋሽው ክሩ ይሳብና ቀዳዳ ይቀራል፣ ስለዚህ ጨርቁ የተደራረበበት ቦታ ላይ ይሁን። አለበለዚያ ጨርቅ ቀይሪ። እንደ ቲሸርት የሚሳበው ጀርሲ አይንሸራተትም፣ ለደሴም ይሞቃል። ኮምቦልቻ ውለሽ የምትገቢ ከሆነ ግን ስስ ጥጥ ይሻልሻል።

ቀለሙን በተመለከተ ሂጃብ የለበሰች ሴት አንድ ዕድል አላት፤ ፊትሽ አጠገብ የሚውለው ቀለም ነው ፊትሽን የሚያደምቀው ወይም የሚያደበዝዘው፣ እሱን ደግሞ አንቺ ነሽ በየቀኑ የምትመርጪው። ከጥቁር አባያ ጋር የእንሶስላ ቀለም፣ ያ ወደ ቡናማ የሚያደላው ቀይ፣ የጠይም ሴት ፊት ላይ ሲሆን ዝም አያሰኝም። የወይራ አረንጓዴና የቡና ቀለምም ይሄዳሉ። ሱቅ ውስጥ መብራት ሥር አይተሽ አትግዢ። በር ላይ ወጥተሽ በቀን ብርሃን አገጭሽ ሥር አድርጊው፣ መስታወት ባይኖር በስልክሽ እዪው። ከቦርሳና ከጫማ ጋር አንድ ዓይነት ካልሆነ የሚለውን ነገር ተዪው፣ ጊዜው አልፏል። የወሎ እናቶች ሻሽ መቼ ቀለም ፈርቶ ያውቃል?

«ሰልባጅ መግዛት ያሳፍራል? እንዴት ነውስ የሚመረጠው?»

(ይሄ ከብዙ ሰው የመጣ ጥያቄ ነው።)

አያሳፍርም። ልባሽ ጨርቅ ለንግድ ማስገባት ክልክል መሆኑን አውቃለሁ፣ ገበያው መኖሩን ደግሞ ደሴ ውስጥ የማያውቅ የለም። እኔ የምናገረው አንድ ልብስ እጃችሁ ላይ ሲወድቅ እንዴት እንደምታዩት ነው። ለአዲስም ይሠራል። አዲስ ተብሎ የሚሸጠው ስንቱ በሁለት እጥበት እንደሚያልቅ እናውቃለን።

በመጀመሪያ ትከሻ። ወገብ ይጠብባል፣ እጅጌ ያጥራል፣ ጉርድ ይቆረጣል፤ ትከሻው የወረደ ኮት ግን ሙሉ ለሙሉ ካልተፈታ አይስተካከልም፣ ለዚያ የሚከፈለው ደግሞ ከኮቱ ዋጋ ይበልጣል። ስፌቱ ትከሻችሁ አጥንት ጫፍ ላይ ካረፈ ሌላው ሁሉ መላ አለው።

ከዚያ ወደ ውስጥ ገልብጡት። ብብቱን እዩ፣ ኮሌታውን እዩ፣ ጂንስ ከሆነ ጭኖቹ የሚፋተጉበትን ቦታ ወደ ብርሃን አንሱት፤ ብርሃን ካሳለፈ ተዉት፣ በቅርቡ ይቀደዳል። ዚፑን ደጋግማችሁ ክፈቱና ዝጉ። ስፌቱን በሁለት እጅ ቀስ ብላችሁ ሳቡት፣ ክሩ ጥርሱን ካሳየ ደካማ ነው። ሻጩ «አትጎትቺው እንጂ!» ይላል፣ ይበል።

ጨርቁ ምን እንደሆነ ምልክቱ ላይ ካልተጻፈ ከውስጥ ስፌት አንድ ክር መዝዛችሁ ለኩሱት። ጥጥ እንደ ወረቀት ነዶ ለስላሳ አመድ ይሆናል። የበግ ሱፍ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፣ ከእሳቱ ሲወጣም ቶሎ ይጠፋል። ፖሊስተር ይቀልጥና ጫፉ ላይ ጠንካራ ጥቁር ፍሬ ይሠራል። ይሄን ገበያ መሀል አታድርጉት፣ አደራ፤ አስፈቅዳችሁ ክሩን ይዛችሁ ወጣ በሉ። ንጹሕ የሱፍ ካፖርት ካገኛችሁ ፎደራው ቢቀደድም አትለፉት፣ ፎደራ ይቀየራል። ለደሴ ክረምት ከሱፍ የሚሻል ጨርቅ የለም፤ የአገር ቤት በርኖስ እኮ ከበግ ፀጉር ነው የሚሠራው፣ ደገኛው ያለ ምክንያት አልለበሰውም።

ቤት ስትገቡ ጥጡን በሙቅ ውኃና በሳሙና ዘፍዝፉት፣ ገልብጣችሁ ፀሐይ ላይ አስጡት። ሱፍ ግን ሙቅ ውኃ አይንካው፣ ይኮማተርና ለታናሽ እህታችሁ ይሆናል። ቀዝቃዛ ውኃ፣ ሳይጨመቅ፣ ጠፍጣፋ ነገር ላይ ዘርግቶ ማድረቅ።

አሁን የኔን ሚስጥር። ቁልፎቹን ቀይሩ። አንድ ግራጫ ካፖርት አለኝ፣ ሲገዛ የሚያብረቀርቅ የፕላስቲክ ቁልፍ ነበረው፣ የጎደለም ነበረበት። ሁሉንም ነቅዬ ከቀንድ የተሠሩ ቡናማ ቁልፎች አስተከልኩበት። ከዚያ ወዲህ ከየት ገዛሽው ያላለኝ ሰው የለም። ጨርቁ ያው ነው፣ ቅዱ ያው ነው።

«ቀኑን ሙሉ እጅጌ ብቻ ነው የምሰፋው፣ ዲዛይነር መሆን እችላለሁ?»

ኮምቦልቻ የልብስ ፋብሪካ ውስጥ ነው የምሠራው። የኔ ሥራ እጅጌ መግጠም ብቻ ነው። ማታ ማታ ደብተር ላይ ቀሚስ እሥላለሁ። አብረውኝ የሚኖሩት ልጆች ይስቁብኛል። መማር እፈልጋለሁ፣ ግን ከየት እንደምጀምር አላውቅም።

ይሳቁ። አንቺ እጅ ላይ ያለው ነገር ብዙ ሥዕል ብቻ የሚሥል ሰው የለውም። በደንብ በተሠራ ኮትና ሸሚዝ ላይ የእጅጌው አናት ከሚገጠምበት ክፍት ትንሽ ይበልጣል፣ ያንን ትርፍ ሳይጨማደድ አብልቶ ማስገባት የስፌት ከባዱ ቦታ ነው። አንቺ እሱን ዓይንሽን ጨፍነሽ ትሠሪዋለሽ። የጎደለሽ ልብሱን ከወረቀት ጀምሮ እስከ ቁልፉ ማየት ነው፤ ፋብሪካ ውስጥ ሥራው ስለሚከፋፈል ማንም አያሳይሽም።

እንዲህ ጀምሪ። በልክሽ የሆነ፣ የማትፈልጊው አሮጌ ሸሚዝ ፈልጊና ስፌቱን ቀስ ብለሽ ፍቺው። አትቅደጂው፣ ክሩን ብቻ ቁረጪ። ጀርባው፣ ፊቶቹ፣ እጅጌው፣ ኮሌታው ተለያይተው ይቀመጣሉ። ተኩሻቸውና ወረቀት ላይ አስቀምጠሽ ዙሪያቸውን በእርሳስ ተከተዪ። ያ ፓተርን ነው፣ ጨርቅ የሚቆረጥበት የወረቀት ልክ። ከዚያ ውድ ጨርቅ አትንኪ፤ አቡጀዲ ግዢና እሱን ቁረጪ፣ ስፊው፣ ልበሺው፣ የሚይዝሽ ቦታ ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጊ፣ ወረቀቱን አስተካክዪ። ትልልቅ የልብስ ቤቶችም ውድ ጨርቅ ከመቁረጣቸው በፊት በርካሽ ጥጥ ይሞክራሉ። ደብተርሽ ላይ የሣልሻትን ቀሚስ ከዚያ በኋላ ስታያት የት ጋ ስፌት እንደምትፈልግ ራስሽ ትነግሪያታለሽ።

ትምህርቱን በተመለከተ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የጨርቃ ጨርቅና ፋሽን ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አለው፣ ፋሽን ዲዛይን በዲግሪ ይሰጣል። እዚያው ኮምቦልቻ ያለው የወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ጨርቃ ጨርቅ ምህንድስና ያስተምራል። ውጤትሽ ለዚያ ካልደረሰ ደግሞ ቴክኒክና ሙያ ጠይቂ፤ የልብስ ስፌትና የፓተርን ሥልጠና የሚሰጡ አሉ፣ የማታ መኖሩንም ሂጂና አጣሪ። ሥራሽን ግን ቸኩለሽ እንዳትለቂ።

ያለሽበት ከተማም ቀላል ከተማ አይደለም። በደርግ ጊዜ የተቋቋመ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ አላት፣ በ2009 ዓ.ም. መጨረሻ ኢንዱስትሪ ፓርኳ ተመርቋል። በ2014 ዓ.ም. ኢትዮጵያ አጎዋ ከሚባለው የአሜሪካ የንግድ ዕድል ስትወጣ ወደ አሜሪካ ያለ ቀረጥ የሚላክ ልብስ ቆመ፣ ፋብሪካ ውስጥ የሚሠራ ሰው ይሄን ከኔ በላይ ያውቀዋል። ጨርቅ የሚያውቁ እጆች ግን ከተማው ውስጥ ሞልተዋል፣ ለብሶ የሚወጣው ሕዝብ ደግሞ ከውጭ የመጣ ልብስ ይገዛል። እኔን የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ሊያ ከበደ በሞዴልነት ስሟ ከገነነ በኋላ በ2007 (እ.ኤ.አ.) ለምለም የሚባለውን የልብስ ድርጅት ስትጀምር የያዘችው ይሄንኑ የእኛን ሸማኔዎች ጥጥ ነው። ቅዱ ቀላል ነው፣ ልቅ ቀሚስ፣ ልቅ ሸሚዝ። ውበቱ ጨርቁ ላይ ነው። አንቺም የመጀመሪያ ቀሚስሽን ቀላል አድርጊው። ለጎረቤት ልጅ የእንቁጣጣሽ ልብስ ስፊላት፣ እናቷ ሰፈሩን ሁሉ ታመጣልሻለች። ፎቶውን ላኪልኝ፣ እውነቴን ነው።

«የእናቴን ሀበሻ ቀሚስ ላሳጥረው?»

እናቴ ወጣት እያለች የለበሰችውን ሀበሻ ቀሚስ ሰጠችኝ። ለዘመን መለወጫ ልለብሰው ነበር፣ ግን ይረዝመኛል፣ ይሰፋኛልም። ጓደኛዬ ከታች አስቆርጪው አለችኝ።

ጓደኛሽን አትስሚያት! ከታች ያለው ጥበብ ከጨርቁ ጋር አብሮ የተሸመነ ከሆነ ከቆረጥሽው የቀሚሱ ጌጥ አብሮ ሄደ፣ ጫፉም ይተረተራል። ማሳጠር ካለብሽ ከወገቡ ላይ ይፈታና ከዚያ ይቀነስ። ጎኑን ስታጠቢ ትርፉ ሳይቆረጥ ወደ ውስጥ ይቀመጥ፤ ነገ ወፍረሽ ወይም ወልደሽ ትፈልጊዋለሽ። ልብስ ሰፊው «ዝም ብዬ ልቁረጠው» ካለሽ ቀሚሱን ይዘሽ ውጪ።

እኔ ብሆን ጭራሽ አላሳጥረውም። በመቀነት ወገቡ ላይ ሰብሰብ አድርጌ፣ ጨርቁን ከመቀነቱ በላይ ትንሽ ሳብ አድርጌ ባወርደው ቁመቱ ይስተካከላል። ከላዩ ጂንስ ጃኬት ደርበሽ ሰፈር ውስጥ ስትዞሪ ብዙ ሰው ዞሮ ያይሻል። ጌጥ አንድ ይበቃል። ባቲ ሰኞ ገበያ የሚሄድ ዘመድ ካለሽ የብር ድሪ ወይም ማርትሬዛ ከሚባለው የድሮ የብር ሳንቲም የተሠራ አንገት ጌጥ አስገዢ። ማርትሬዛዋ ላይ የተጻፈው ዓመት 1780 ነው፣ በኋላ የተመታችውም ያንኑ ዓመት ይዛ ነው የምትወጣው፣ ስለዚህ ዓመቱን አይታችሁ «ይሄ የጥንት ነው» አትበሉ። ክብደቷ 28 ግራም ገደማ ነው። ማግኔት ከሳባት ደግሞ ብር አይደለችም፣ ገንዘባችሁን ያዙ።

በዓሉ ሲያልቅ ቀሚሱን ለብቻው በቀዝቃዛ ውኃ በእጅ እጠቢው፣ ባለቀለሙ ክር ነጩ ላይ እንዳይለቅ ሳትዘፈዝፊ ቶሎ አውጪው። መስቀያ ላይ አትስቀዪው፣ ይሳባል። አጣጥፈሽ በነጭ ጨርቅ ጠቅልለሽ አስቀምጪው።

«ወንድ መጠየቅ ይችላል? ለጥር ሠርጌ ምን ቀለም ሱፍ ልልበስ?»

ይችላል ወንድሜ፣ እንኳን ደስ አለህ። ጥቁር ሰማያዊ ወይም ጥቁር ግራጫ። ደማቅ ሰማያዊውን ተወው፣ የዛሬ አሥር ዓመት ፎቶውን አይተህ ትናደዳለህ። ትከሻው በልክህ ይሁን፣ ከኮቱ እጅጌ የሸሚዝህ ጫፍ ትንሽ ብቅ ይበል፣ ሱሪው ጫማህ ላይ አይከመር። እጅጌው ላይ በክር የተያዘችውን የፋብሪካ ምልክት አንሳት፤ ለሱቁ እንጂ ላንተ አይደለችም። ከኋላ ስንጥቁ ላይ ያለውንም የተሻገረ ክር ቁረጠው። በጥቁር ጫማ ነጭ ካልሲ የለም። ሚዜዎችህንም ከመኪና ከመውረዳቸው በፊት እግራቸውን እይልኝ።